ትራይፖድ ላይ የቆመ ረጅም ሌንስ ማረጋጊያ ያስፈልገዋል?

ረጅም ሌንስ ይዞ ለሚሠራ ሰው «ትራይፖድ ላይ ካቆምከው ስታቢላይዘሩን አጥፋው» ከሚለው የበለጠ የተዛመተ ምክር ያለ አይመስለኝም። ፎቶ ቤት ያለውም ይለዋል፣ ሠርግ የሚቀርጸውም ይለዋል፣ ሌንስ የሚሸጠውም ይለዋል። ምክሩ ውሸት አይደለም። ነገር ግን ስለ የትኛው ሌንስ፣ ስለ ምን ዓይነት ትራይፖድና ስለ የትኛው የሸተር ፍጥነት እንደተባለ አብሮ አይነገርም። በዚህ የተነሳ በምዕራብ ጎጃም ከጅጋ እስከ ቡሬ ባለው ገጠር ለሚሠራ ሰው ልክ የሚሆንበትን ያህል የሚያሳስትበትም ጊዜ አለ።

ጉሬዛን እንውሰድ። በምዕራብ ጎጃም የአገር በቀል ዛፍ በብዛት የተረፈው በቤተ ክርስቲያን ዙሪያ ነው። ዋርካው፣ ወይራውና ጽዱ በተቃቀፉበት እንዲህ ባለ ደን ጉሬዛ ማየት ብርቅ አይደለም። ለፎቶ አንሺ የሚመች እንስሳ ነው፤ ቅጠል በል በመሆኑ ከቀኑ ትልቁን ድርሻ ቅርንጫፍ ላይ ተቀምጦ ያሳልፈዋል። የሚያስቸግረው ብርሃኑ ነው። የሚቀመጠው ከቅጠሉ ጥላ ውስጥ ነው፤ ፊቱ ጥቁር፣ ከትከሻው የሚወርደው ጎፈር ደግሞ ነጭ። የጥቁሩ ዝርዝር በሻካራ ነጠብጣብ እንዳይበላበት አይ.ኤስ.ኦ.ውን ዝቅ የሚያደርግ ሰው፣ ንጋት ላይ በ600 ሚሊ ሜትር ሌንስ ሲሠራ የሸተር ፍጥነቱ 1/60ኛ ሰከንድ ላይ ይወድቅበታል። በእጁ ይዞ ቢያነሳ የድሮው ደንብ ቢያንስ 1/600ኛ ይጠይቀዋል። ስለዚህ ትራይፖድ ያቆማል። እንስሳው ቁጭ ብሏል፣ ሌንሱም በሦስት እግር ላይ ነው። ታዲያ በሌንሱ ጎን ያለችው የማረጋጊያ ቁልፍ ወዴት ትዙር?

መልሱ የሚጀምረው ከመጠን ነው። ባለ 24 ሜጋፒክስል ሙሉ ፍሬም ካሜራ ላይ የአንድ ፒክስል ስፋት 6 ማይክሮን ገደማ ነው፤ ማይክሮን ማለት የሚሊ ሜትር አንድ ሺሕኛ ነው። በ600 ሚሊ ሜትር ሌንስ ሲታይ ያ አንድ ፒክስል 100 ሜትር ርቆ ካለ ነገር ላይ 1 ሚሊ ሜትር ብቻ ይሸፍናል። ግማሽ ሜትር የሚጠጋ ርዝመት ያለው ሌንስ አፉ በ5 ማይክሮን ብቻ ከፍ ወይም ዝቅ ቢል ምስሉ በአንድ ፒክስል ይሸሻል። የሰው ጠጉር ውፍረት ከዚህ ከአሥር እጥፍ ይበልጣል። «ትራይፖዱ ጸጥ ብሏል» ስንል ዓይናችን ያየውን ብቻ ነው የምንመሰክረው። ዓይን የማይደርስበትን እንቅስቃሴ ሌንሱ አጉልቶ ይመዘግበዋል።

ማረጋጊያው ምን ይሠራል? በሌንሱ ውስጥ ጋይሮስኮፕ የሚባሉ ትናንሽ መለኪያዎች አሉ። አንደኛው ሌንሱ አፉን ወደ ላይና ወደ ታች የሚያዞርበትን ፍጥነት፣ ሌላው ወደ ግራና ወደ ቀኝ የሚያዞርበትን ይለካል። ልኬቱ ወደ አንዲት አነስተኛ ኮምፒውተር ይሄዳል፤ እሷም ከሌንሱ መስታወቶች መካከል አንዱን ክፍል በማግኔትና በሽቦ ጥቅል ኃይል ወደ ጎን እየገፋች ምስሉን ወደ ቦታው ትመልሳለች። ይህ ሁሉ በእያንዳንዱ ሰከንድ ውስጥ እጅግ ብዙ ጊዜ ይደጋገማል። ዋናው ነገር ማረጋጊያው ምስሉን አለማየቱ ነው። የሚያውቀው የሌንሱን መዞር ብቻ ነው። ጉሬዛው ቢዘል፣ ቅርንጫፉ ቢወዛወዝ፣ በመካከል ያለው አየር ቢርገበገብ እሱ የሚያውቀው ነገር የለም።

ይህ መሣሪያ የተቀመረው ለሰው እጅ ነው። ጤነኛ ሰው እጁ በሰከንድ ከ8 እስከ 12 ጊዜ በማይታይ መጠን ይንቀጠቀጣል፤ በዚያ ላይ ከትንፋሽና ከሰውነት መወዛወዝ የሚመጣ ዘገም ያለ እንቅስቃሴ ይጨመራል። ለሚለዋወጥ ሌንስ ማረጋጊያ በመሥራት ካኖን ቀደመ፤ እ.ኤ.አ. በ1995 ያወጣው ከ75 እስከ 300 ሚሊ ሜትር የሚደርስ ዙም ነበር። በ1997 ባለ 300 ሚሊ ሜትሩ ኤፍ 4፣ በ1998 ከ100 እስከ 400 የሚደርሰው ዙም ተከተሉ። እነዚህ ቀደምት ሌንሶች ትራይፖድ ላይ ሲወጡ ግራ ይጋቡ ነበር፤ የአጠቃቀም መመሪያቸውም አጥፉት ይል ነበር። ዛሬ ከአፍ ወደ አፍ የሚተላለፈው ምክር መነሻው በአመዛኙ ይኸው ዘመን ነው።

ግራ የሚጋቡት ስለ ምን ነው? ጋይሮስኮፕ ፍጹም ጸጥ ብሎ አያውቅም። ምንም ሳይነቃነቅ ጥቂት የሐሰት ምልክት ያወጣል፤ ዜሮ ነው የሚለው ነጥብም ቀስ እያለ ይንሸራተታል። በእጅ ሲያዝ እውነተኛው መንቀጥቀጥ ስለሚበዛ ይህ ተሸፍኖ ያልፋል። በጠንካራ ትራይፖድ ላይ ግን እውነተኛ እንቅስቃሴ ሲጠፋ የሐሰቱ ብቻ ይቀራል፤ ኮምፒውተሯም እውነት መስሏት መስታወቱን ታንቀሳቅሳለች። ሸተሩ ለአንድ ሁለት ሰከንድ ከተከፈተ ምስሉ ቀስ ብሎ ሲንሸራተት በፎቶው ላይ ይታያል። ሁለተኛው ምክንያት ከዚህ ይረቅቃል። የሚንቀሳቀሰው መስታወት ክብደት አለው፤ ወደ አንድ ጎን በተገፋ ቁጥር በርሜሉን ወደ ሌላው ጎን በጥቂቱ ይገፋዋል። በእጅ ሲያዝ ያንን ግፊት ሥጋ ይውጠዋል። ብረት ላይ ሲታሰር የሚውጠው የለም፤ ጋይሮስኮፑ ራሱ ማረጋጊያው የፈጠረውን ንቅናቄ ያነብና እንደገና ሊያርመው ይነሳል። በቪውፋይንደር ሲታይ ማንም ሳይነካው ምስሉ ሲዋኝ ይታያል።

አምራቾቹ ችግሩን ዝም ብለው አላለፉትም። ካኖን እ.ኤ.አ. በ1999 ያወጣቸው ትላልቆቹ ባለ 300፣ 400፣ 500 እና 600 ሚሊ ሜትር ሌንሶች ትራይፖድ ላይ መሆናቸውን ከንቅናቄው ጠባይ አውቀው አሠራራቸውን ይለውጣሉ። ኒኮን በ2007 ባወጣቸው ባለ 400፣ 500 እና 600 ሚሊ ሜትር ሌንሶች ላይ ለትራይፖድ ብቻ የሚሆን የተለየ ምርጫ በቁልፉ ላይ ጨመረ። ከአሥር ሺሕ ዶላር ወዲህና ወዲያ የሚያወጣ ሌንስ የሚገዛ ሰው ሌንሱን ሁልጊዜ በእጁ ይዞ እንደማይሠራ ስለሚያውቁ ነው። በአንጻሩ ብዙ ሰው የሚይዛቸው ዙሞች እንዲህ ዓይነት ጥንቃቄ የላቸውም፤ ወይም ያላቸው በከፊል ነው። ኒኮን በ2015 ላወጣው ከ200 እስከ 500 ለሚደርሰው ዙም የሰጠው መመሪያ ብልህ ነው። ትራይፖድ ላይ ስታስሩት አጥፉት ይላል፤ የትራይፖዱ ጭንቅላት ካልተቆለፈ ወይም በአንድ እግር ላይ ከቆመ ግን አብሩት። በአፍ በሚተላለፈው ምክር ውስጥ ተቆርጦ የቀረው ይህ ሁለተኛው ግማሽ ነው፤ በእኔ ግምት ደግሞ ከመጀመሪያው የሚበልጠው እሱ ነው። ምክንያቱም ረጅም ሌንስ የሚጠቀም ሰው አብዛኛውን ጊዜ ጭንቅላቱን ቆልፎ አይሠራም።

ቢቆልፈውስ? ትራይፖድ ሲባል መሐንዲስ በቤተ ሙከራ ወለል ላይ የተከለው ሳይሆን ጅጋ ገጠር ውስጥ የቆመው መታሰብ አለበት። ሌንስ፣ ካሜራ፣ ጭንቅላትና እግር አንድ ላይ ሲታሰሩ የራሳቸው የንዝረት ድምፅ አላቸው፤ እንደ ክራር አውታር አንዴ ከተነኩ በዚያው ቃና ይንቀጠቀጡና ቀስ ብለው ይበርዳሉ። ሌንሱ በረዘመና እግሩ በቀጠነ ቁጥር ቃናው ይወርዳል፣ ለመብረድም ብዙ ይፈጃል። አውታሩን የሚመቱት ነገሮች ብዙ ናቸው። ረጅሙ የሌንስ ኮፍያ ለንፋስ ሸራ ሆኖ ያገለግላል። የትራይፖዱን መካከለኛ ዘንግ ወደ ላይ የሳበ ሰው ሦስቱን እግር ትቶ በአንድ እግር ቆመ ማለት ነው። የዙሞቹ የሌንስ እግር፣ ማለትም ከበርሜሉ ሥር ወጥቶ ጭንቅላቱ ላይ የሚታሰረው ቁራጭ፣ ብዙ ጊዜ ከሁሉም ደካማው ነው።

ከሁሉም በላይ መሬቱ። ክረምት ላይ ዋልካ መሬት የቆመበትን እግር ቀስ እያለ ይውጣል፤ ካሜራው የተስተካከለ መስሎ ሳለ በየደቂቃው ጥቂት ያዘነብላል። በጋ ላይ ያው ዋልካ ይሰነጠቅና አንዱ እግር በፍርካሹ አፍ ላይ ይቀመጣል። ቀዩ አፈር ይሻላል። ከገበሬው ማሳ ሁሉ ለትራይፖድ የሚመቸው ግን አውድማ ነው፤ ተደልድሎ በእበት የተለቀለቀና በከብት እግር የተጠቀጠቀ ስለሆነ እንደ ሲሚንቶ ይይዛል። ችግሩ ውቂያ ካለ በሬዎቹ በተራመዱ ቁጥር መሬቱ ራሱ መንቀጥቀጡ ነው፤ ውቂያ ከሌለ ደግሞ እዚያ የሚያስነሳ ነገር አይኖርም ይሆናል።

ቁልፏን ማብራትና ማጥፋት ውጤት የሚያመጣው በተወሰነ የሸተር ፍጥነት ክልል ውስጥ ነው። በ1/1000ኛ ሰከንድ የትራይፖዱ ንዝረት ምስሉን ለማበላሸት ጊዜ አያገኝም። ሸተሩ ለብዙ ሰከንዶች ሲከፈት ደግሞ መጀመሪያ ላይ የተፈጠረው ንዝረት ከጠቅላላው ጊዜ ጥቂቱን ብቻ ስለሚይዝ አይታይም፤ እዚያ ማረጋጊያው ከነመንሸራተቱ ጠላት ነው፣ ይጥፋ። ክፉው ክልል በመካከል ያለው ነው፤ ከ1/4ኛ እስከ 1/60ኛ፣ በረጅም ሌንስ እስከ 1/125ኛ። መስታወት ባለው ካሜራ (ዲ.ኤስ.ኤል.አር.) ከሴንሰሩ ፊት ያለው መስታወት ሲነሳ የሚሰጠው ምት፣ በሁሉም ሜካኒካል ሸተር ደግሞ መጋረጃው ሲከፈት የሚሰጠው ምት የሚነዝረው ልክ በዚህ ጊዜ ውስጥ ነው። የጉሬዛው 1/60ኛ እዚሁ መሐል መውደቁን ልብ ይሏል።

ለዚህ ከማረጋጊያው የተሻለ መድኃኒት አለ፤ ምቱን ራሱን ማስቀረት። መስታወቱን አስቀድሞ አንስቶ መጠበቅ፣ ሁለት ሰከንድ ቆይቶ የሚያነሳውን ታይመር ወይም የርቀት መቆጣጠሪያ መጠቀም፣ መስታወት አልባ ካሜራ ከሆነ የመጀመሪያውን መጋረጃ በኤሌክትሮኒክ ማድረግ። ኒኮን እ.ኤ.አ. በ2021 ያወጣው ዜድ 9 ሜካኒካል ሸተር ጨርሶ የለውም። በዚህ መንገድ የሚሠራ፣ ጭንቅላቱን የቆለፈ፣ ነፋስ የሌለበት ቦታ ያገኘ ሰው ማረጋጊያውን ቢያጠፋ አይጎዳም፤ ምናልባትም ይጠቀማል። ግን ይህ ሰው ጉሬዛው እንዲጠብቀው ይፈልጋል። ጉሬዛ ተቀምጦ ቢውልም አንገቱን ያዞራል፤ ጥሩው ቅጽበት ሲመጣ ታይመር አይጠበቅም። ያኔ ጭንቅላቱን ላላ አድርጎ፣ ግራ እጅን በሌንሱ ላይ ከእግሩ በላይ ጫን አድርጎ፣ ግንባርን ካሜራው ላይ አስደግፎ ተከታታይ ማንሳት ይሻላል። እጅና ግንባር ንዝረቱን ይውጣሉ፤ በምትኩ የሰው መንቀጥቀጥ ይገባል። ማረጋጊያውም የተሠራው ለዚሁ ነው። ስለዚህ ይብራ። ትራይፖዱ በዚህ አያያዝ ሥራው ክብደት መሸከም እንጂ ዝም ማሰኘት አይደለም።

ከቡሬ አልፎ በባሕር ዳር መንገድ ቢቀጠል የዚህ ተቃራኒ የሆነ ሥራ ይገኛል። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በዓሉን በየዓመቱ ጥር 23 ቀን ያከብራል፤ እንጅባራ ላይ ያን ዕለት የሚሰለፈው ካሜራ ብዙ ነው። የሚጋልብ ፈረስ በሰከንድ ከአሥር ሜትር በላይ ስለሚሄድ በ1/1000ኛ እንኳ ሸተሩ ተከፍቶ እስኪዘጋ ከአንድ ሴንቲ ሜትር በላይ ይጓዛል። ፈረሱን ማረጋጊያ አያቆመውም፤ የሚያቆመው የሸተር ፍጥነት ነው። የጥር ፀሐይ ደግሞ 1/2000ኛን አትነፍግም። በዚህ ፍጥነት ማረጋጊያው ለፎቶው ጥራት የሚጨምረው ነገር ከምንም አይቆጠርም፤ ጥቅሙ ለዓይን ነው። በ500 ሚሊ ሜትር ፈረሰኛ የሚከተል ሰው በቪውፋይንደር የሚያየው ምስል ከተረጋጋ የፎከሱን ነጥብ ከፈረሰኛው ፊት ላይ ለማቆየት ይቀለዋል። አንዳንዱ ግን ይህንኑ መረጋጋት አይወደውም፤ ሌንሱን ሲያዞር ማረጋጊያው መጀመሪያ ወደ ኋላ ይጎትተውና ከዚያ ዘልሎ ይለቀዋል። ለዚህ ሲባል ነው ካኖን ሁለተኛ ምርጫ፣ በኋላም ሸተሩ ሲከፈት ብቻ የሚሠራ ሦስተኛ ምርጫ፣ ኒኮን ደግሞ ስፖርት የሚለውን የጨመሩት። ፈረሱ በአቧራ መሐል አልፎ ከኋላው ያለው ሕዝብ ተስቦ እንዲታይ 1/60ኛ ላይ ለሚሠራ ሰው ሁለተኛው ምርጫ እውነተኛ ዋጋ አለው፤ ወደ ጎን የሚደረገውን ማዞር ትቶ የላይና የታቹን መንቀጥቀጥ ብቻ ስለሚያርም።

ቪዲዮ የራሱ ጠባይ አለው። የሠርግ ቀራጭ ዳስ ውስጥ ሳንቃ በተነጠፈበት መድረክ ላይ ትራይፖዱን ያቆማል፤ እስክስታው ሲሞቅ መድረኩ አብሮ ይጨፍራል። ዘገም ያለና ሰፊ ንቅናቄ ስለሆነ ማረጋጊያው ይይዘዋል፣ ይብራ። ጭንቅላቱን ቀስ አድርጎ ከሙሽራው ወደ ሙሽሪት ሊያዞር ሲል ግን ያው ማረጋጊያ መነሻውና መድረሻው ላይ ያንቀረፍፈዋል፤ ይጥፋ። በአንድ ሠርግ ውስጥ ሁለቱም ያስፈልጋሉ፤ አንዱን መርጦ እስከ ማታ መሄድ አያዛልቅም። ከሁሉ የሚሻለው ትራይፖዱን ከመድረኩ አውርዶ መሬት ላይ መትከል ነው።

ማረጋጊያው ምንም የማይፈይድበት ነገር ደግሞ በምዕራብ ጎጃም የበጋ ቀን እጅግ የተለመደ ነው፤ የሙቀት መርገብገብ። ፍኖተ ሰላም 1,900 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው፤ ከየካቲት ጀምሮ የታጨደ ማሳ ፀሐይ ሲመታው ከመሬቱ የሚነሳው ሞቃት አየር ከላይ ካለው ቀዝቃዛ ጋር ይደባለቃል፤ ብርሃኑ በመካከሉ ሲያልፍ በየቦታው ለየብቻ ይታጠፋል። ከማሳው ማዶ 500 ሜትር ርቆ ያለ ጥንብ አንሳ በ600 ሚሊ ሜትር ሌንስ ለሚያነሳ ሰው አንድ ፒክስል 5 ሚሊ ሜትር ነው፤ አየሩ ምስሉን ከዚያ በላይ ያላውሰዋል። ያኔ ፎቶ አንሺው ሌንሱን ይከስሳል፣ ትራይፖዱን ይከስሳል፣ ቁልፏን ያበራል ያጠፋል። ማድረግ የሚችለው ጠጋ ማለት ወይም በማለዳ መምጣት ብቻ ነው። እኔ ከማያቸው «ስታቢላይዘሩ አበላሸው» ከሚባሉ የበጋ ፎቶዎች ብዙዎቹን ያበላሸው አየር ይመስለኛል።

በካሜራው አካል ውስጥ ሴንሰሩን ራሱን የሚያንቀሳቅስ ማረጋጊያም አለ፤ ዛሬ መስታወት አልባ ካሜራ የገዛ ሰው በአብዛኛው አለው። በረጅም ሌንስ ግን አቅሙ ያጥራል። ባለ 600 ሚሊ ሜትር ሌንስ በግማሽ ዲግሪ ቢዞር ምስሉ ሴንሰሩ ላይ ከ5 ሚሊ ሜትር በላይ ይሸሻል፤ ሴንሰሩ ያንን ያህል ለመሮጥ ቦታ የለውም። በአጭር ሌንስ ተአምር የሚሠራው መሣሪያ በረጅሙ ረዳት ብቻ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ያገለገለ ሌንስ የሚገዛ ሰው የየትኛው ዘመን ሌንስ እንደያዘ ከስሙ ብቻ ላያውቅ ይችላል፤ ማወቂያው ቀላል ነው። ነፋስ በሌለበት ማለዳ ትራይፖዱን ጠንካራ መሬት ላይ አቁሞ፣ መቶ ሜትር ገደማ ርቆ ጥቃቅን ጽሑፍ ወይም የቆርቆሮ ምስማር ያለበት ነገር መምረጥ። ጭንቅላቱን ቆልፎ፣ በካሜራው ስክሪን ምስሉን አሥር እጥፍ አጉልቶ፣ ማረጋጊያው በርቶ እያለ ማንም ሳይነካው ለጥቂት ሰከንዶች ማየት። ምስሉ ከዋኘ ሌንሱ ትራይፖድን አያውቅም፤ ቆልፎ ሲሠራ ሁልጊዜ ይጥፋ። ከቆመ ደግሞ በ1/15ኛ፣ በ1/60ኛና በ1/250ኛ በርቶም ጠፍቶም ደጋግሞ ማንሳት ነው፤ አንድ አንድ ፎቶ አይበቃም፣ ንዝረት ዕድል አለበት። ከዚያ ጭንቅላቱን አላልቶ፣ እጁን በሌንሱ ላይ ጭኖ ያንኑ መድገም። ሌንሱን ከካሜራው ሲያላቅቅ ማረጋጊያው ሥራውን እስኪያቆም መጠበቅ አለበት፤ በሥራ ላይ እያለ ከተነቀለ አንዳንዱ ሌንስ የሚንቀሳቀሰውን መስታወት ሳይቆልፍ ይቀርና በመኪና ሲሄድ ከውስጥ ያንኳኳል። ያ ድምፅ ብቻውን ብልሽት አይደለም፤ ካሜራው ላይ መልሶ አስሮ ማብራትና ማጥፋት ይበቃዋል።